ካርታው ከመጽደቁ በፊት፦ የከተማ ምክር ቤትን የበጀት፣ የመሬትና የልማት ውሳኔ ለሚከታተል ነዋሪ የተዘጋጀ መመሪያ

አንድ ምሽት ከጎረቤቶቼ ጋር ወደ ምክር ቤት አዳራሽ ገባን። በሰፈራችን ጠርዝ ያለው ክፍት ቦታ ለረጅም ሕንፃ ሊሰጥ ነው ተብሎ ሁላችንም ተቆጥተን ነበር። አፈ ጉባኤው በትዕግሥት አዳመጡን። ከዚያ የፕላን ባለሙያዋ ተነሥታ አንድ ካርታ ዘረጋች። ቦታው ከሁለት ዓመት በፊት በጸደቀው የመሬት አጠቃቀም ፕላን ላይ «ቅይጥ አገልግሎት»፣ ማለትም መኖሪያና ንግድ አብረው የሚፈቀዱበት ተብሎ ቀለሙ ተቀይሯል። ካርታው ሲረቀቅ ለ30 ቀናት በቢሮው ኮሪደር ላይ ተሰቅሎ አስተያየት ይጠበቅበት ነበር። የአስተያየት መዝገቡን ስናገላብጥ ከሰፈራችን የፈረመ አንድም ሰው አላገኘንም። የእኔም ስም አልነበረበትም። በዚያ ምሽት ለመወያየት የቀረልን ነገር ቢኖር የመኪና መግቢያው በየት በኩል ይሁን የሚለው ብቻ ነበር።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይህን መመሪያ አጻፈኝ። የምክር ቤት ሥራ ከውጭ ሲታይ እጅ የሚወጣበት ስብሰባ ይመስላል። በተግባር ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞር ሰነድ ነው፤ እጅ የሚወጣው ሰነዱ ዙሩን ከጨረሰ በኋላ ነው። የኮሚቴው ስም፣ የማስታወቂያው ቀን ብዛትና የከንቲባው ሥልጣን ከአገር አገር ይለያያል። ቅደም ተከተሉ ግን በብዙ ቦታ ተቀራራቢ ነው፤ እሱን የያዘ ሰው መቼ መድረስ እንዳለበት ያውቃል።

1. ማን ምን እንደሚወስን ይለዩ

ምክር ቤቱ የሚያጸድቅ አካል ነው። በጀቱን የሚያረቅቀው፣ ፕላኑን የሚነድፈውና ውሉን የሚያስፈጽመው ከንቲባው ወይም ሥራ አስኪያጁ ከነባለሙያዎቹ ነው። በአንዳንድ ከተሞች ከንቲባው በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል፣ የምክር ቤቱን ውሳኔ እስከ መሻርም ይደርሳል፤ በሌሎቹ ምክር ቤቱ ራሱ ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራል። በመካከሉ ቋሚ ኮሚቴዎች አሉ። ጥልቀት ያለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በእነሱ ዘንድ፣ አምስት ስድስት ሰው ብቻ በተቀመጠበት ክፍል ነው፤ እዚያ የሚገኝ ነዋሪ ጥቂት ስለሆነ ድምፁ ይሰማል።

ስለዚህ አንድ ጉዳይ ሲይዙ መጀመሪያ ሦስት ሰዎችን ይፈልጉ፦ ሰነዱን ያዘጋጀውን ባለሙያ፣ ጉዳዩን የሚመረምረውን ኮሚቴ ሰብሳቢና የሰፈርዎን ተመራጭ። ከሦስቱ ቀድመው ሊያነጋግሩት የሚገባው ባለሙያውን ነው። ሰነዱ ገና በእጁ ስለሆነ አንድ አንቀጽ ለማስተካከል ውሳኔ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የውሳኔውን ዓይነት ይለዩ። ይህ ብዙ ሰው የሚዘልለው፣ በእኔ አመለካከት ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነጥብ ነው። ምክር ቤት ደንብ ሲያወጣ፣ ፕላን ወይም በጀት ሲያጸድቅ ሰፊ ነፃነት አለው፤ የነዋሪው ፍላጎት፣ ቅሬታና ብዛት በሙሉ ክብደት አላቸው። አንድን የተወሰነ ማመልከቻ ሲመረምር ግን ሥራው ወደ ዳኝነት ይጠጋል፤ ማመልከቻው ደንቡን ያሟላል ወይስ አያሟላም የሚለውን በማስረጃ ማየት አለበት። ደንቡን ያሟላን ማመልከቻ ሕዝብ ስለጠላው ብቻ ቢከለክል ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል። በብዙ አገሮች አንድ አባል በእንጥልጥል ስላለ ማመልከቻ አስቀድሞ «እቃወመዋለሁ» ብሎ ቃል ቢገባ ከድምፅ መስጫው እንዲወጣ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ተመራጩን እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ቃል አያስገቡት፤ ማስረጃዎን በመዝገቡ ውስጥ ያስገቡ። ሦስተኛው ዓይነት ውል ነው፦ መግዛት፣ መሸጥ፣ ማከራየት፣ መበደር። እዚያ የሚጠየቀው ከተማዋ የሰጠችው ካገኘችው ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለው ነው።

ደንቡን በሙሉ ያሟላ ተራ የግንባታ ፈቃድ ምክር ቤት ሳይደርስ በአንድ ኃላፊ ፊርማ እንደሚያልቅም ይወቁ። ዋናውን መንገድ፣ ትምህርት ቤቱን ወይም የመብራት መስመሩን የሚመለከተው ውሳኔ ደግሞ ከከተማው በላይ ባለው መንግሥት እጅ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤዎ ሥልጣን የሌለው ቢሮ ገብቶ ሦስት ወር እንዳይተኛ አስቀድመው ይጠይቁ።

2. ቀን መቁጠሪያውን ያግኙ

የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበትን ቀን ይያዙና ወደ ኋላ ይቁጠሩ። መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን ማሰባሰብ የሚጀምሩት በአብዛኛው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ቀደም ብለው ነው። ረቂቁ ለምክር ቤት የሚቀርበው ሁለት ወይም ሦስት ወር ሲቀር ነው፤ ሕዝባዊ ውይይቱ የሚጠራው ከዚያም ዘግይቶ ነው። ረቂቁ ከታተመ በኋላ ለአንድ ሥራ ገንዘብ መጨመር ማለት ከሌላው መቀነስ ማለት ስለሆነ የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ ጥቂት ነው። የሰፈርዎ ቦይ እንዲጠገን ከፈለጉ ደብዳቤዎ መድረስ ያለበት መሥሪያ ቤቱ ጥያቄውን በሚጽፍበት ወቅት ነው።

የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችውና ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ከተሞች የተከተሉት አሳታፊ በጀት ጥንካሬው እዚህ ላይ ነበር። ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው የትኛው ሥራ እንደሚቀድም የሚመርጡት ሰነዱ ለምክር ቤት ከመድረሱ ወራት አስቀድሞ ነበር፤ የመረጡት ሥራም ረቂቁ ሲዘጋጅ ውስጡ ይገባ ነበር። ከተማዎ እንዲህ ያለ ሥርዓት ባይኖራት እንኳ ያንኑ የጊዜ ስሌት በደብዳቤ መጠቀም ይችላሉ።

ለየስብሰባው አጀንዳው ጥቂት ቀናት ቀድሞ ይወጣል። ሲደርስዎ ዓይንዎ ወደ ትልልቁ ርዕስ እንዳይሮጥ። በብዙ ምክር ቤቶች ያለ ውይይት በአንድ ድምፅ የሚያልፉ ጉዳዮች በአንድ ላይ ተጠቅልለው ይቀርባሉ፦ የውል ማራዘሚያ፣ የበጀት ዝውውር፣ የቦታ ኪራይ፣ የአበል ማስተካከያ። አብዛኞቹ በእርግጥም ተራ ናቸው። አልፎ አልፎ ግን ከባዱ ነገር ያለው እዚያ ነው። አንድ አባል ከጠየቀ ጉዳዩ ከጥቅሉ ወጥቶ ለብቻው ሊታይ ስለሚችል፣ የተጠራጠሩትን ነጥብ ከስብሰባው በፊት ለተመራጭዎ ይንገሩ።

ሰው ያላየው ውሳኔ ምን እንደሚያስከትል በካሊፎርኒያ ያለችው ቤል ከተማ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በተጠራ አንድ ልዩ ምርጫ ከ400 ያነሱ ሰዎች ድምፅ ሰጥተው ከተማዋ የራሷ ቻርተር፣ ማለትም የራሷ መተዳደሪያ ሕግ እንዲኖራት ተወሰነ። በዚያ ለውጥ የአባላቱን ክፍያ ከሚገድበው የክፍለ ግዛቱ ሕግ ነፃ ወጣች። በ2010 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጠኞች ሲደርሱበት፣ ወደ 35,000 ሕዝብ ያላት ከተማ ለሥራ አስኪያጇ በዓመት ወደ 800,000 ዶላር የሚጠጋ ደመወዝ ትከፍል ነበር። ሥራ አስኪያጁና በርካታ የምክር ቤት አባላት በኋላ ጥፋተኛ ተባሉ። በሩ የተከፈተው ግን ከአምስት ዓመት በፊት፣ ማንም ልብ ባላለው የምርጫ ወረቀት ላይ ነበር።

3. በጀቱን ያንብቡ

የበጀት ሰነድ ወፍራም ስለሆነ ሰው ያስፈራል። ሁሉን ማንበብ አያስፈልግም። በመጀመሪያ መደበኛውንና የካፒታሉን በጀት ይለዩ። መደበኛው ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ጥገናና የየዕለቱ አገልግሎት ነው፤ ካፒታሉ መንገድ፣ ድልድይ፣ ሕንፃ፣ የውኃ መስመር ነው። ለመንገድ ግንባታ የተሰጠ ድጎማ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደመወዝ አይከፍልም፤ ለውኃ ማስፋፊያ የተገኘ ብድር መናፈሻ አያጸዳም። «ለዚያ ገንዘብ አላችሁ፣ ለዚህ የላችሁም» የሚለው ቁጣ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄዎ «ይህ ገንዘብ ታስሮ የመጣ ነው ወይስ ምክር ቤቱ እንደፈለገ ሊያዝዝበት ይችላል?» ብሎ ይጀምር። ደመወዙ፣ ጡረታው፣ የዕዳ ክፍያውና በሕግ የታዘዘው አገልግሎት ሲቀነስ ነፃ ሆኖ የሚተርፈው ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ከሚያውቁት ነገር አንድ መስመር ይምረጡ። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከጎርፍ መውረጃ ቦይ ጥገና ነው፤ ክረምት ሲገባ ውጤቱ በዓይን ይታያልና። በመስመሩ ላይ አራት ዓምዶችን ይፈልጉ፦ ባለፈው ዓመት የጸደቀው፣ በተግባር የወጣው፣ ዘንድሮ የጸደቀው፣ ለመጪው ዓመት የተጠየቀው። ለምሳሌ ያህል አምና 100 ጸድቆ የወጣው 38 ብቻ ሆኖ ለመጪው ዓመት 120 ተጠይቆ ቢያገኙ፣ «ጥገናው ጨምሯል» ብለው አይደሰቱ። ያ 62 የት ሄደ? ጨረታው ዘግይቶ ነው? ሥራውን የሚመራ መሐንዲስ ጠፍቶ ነው? ወይስ በዓመቱ አጋማሽ በዝውውር ወደ ሌላ ሥራ ሄዷል? ሦስቱ መልሶች ሦስት የተለያዩ መፍትሔዎች ይፈልጋሉ፤ ከሦስቱ በሁለቱ ገንዘብ መጨመር ምንም አይፈይድም። የበጀት ዝውውርና ተጨማሪ በጀት የሚጸድቅባቸውን የአጋማሽ ዓመት ስብሰባዎች ብዙ ሰው አይከታተልም። በጀቱ የተለወጠው ግን እዚያ ሊሆን ይችላል።

አዲስ ግንባታ ሲመጣ ሁለት ቁጥር ይጠይቁ። አንዱ ከምረቃው በኋላ በየዓመቱ የሚያስወጣው ነው፦ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ መብራት፣ የጣራ እድሳት፣ ሠራተኛ። ይህ ወጪ ከካፒታሉ ወደ መደበኛው በጀት ይዞራልና አስቀድሞ ካልታሰበበት ያለውን አገልግሎት ይሻማል። አንድ የወጣት ማዕከል ሊሠራ ሲል ምክር ቤቱ ለግንባታው ሲጨበጨብ፣ ለሠራተኞቹ የሚከፈለው ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው ካልተገኘ በሩ ተቆልፎ የሚከርም ሕንፃ ይገኛል።

ሌላው የወጪው ግምት ራሱ ነው። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ቤንት ፍሉቭብየርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት 258 የትራንስፖርት ግንባታዎችን መርምረው ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ ወጪው ከግምቱ በልጦ አግኝተዋል፤ በባቡር መስመሮች ላይ የአማካዩ ብልጫ 45 በመቶ ያህል፣ በመንገዶች ላይ 20 በመቶ ያህል ነበር። ስለዚህ «ይህ ግምት በየትኛው የንድፍ ደረጃ የተሠራ ነው? ለመጠባበቂያ ስንት በመቶ ተይዟል? ከዚህ በፊት የሠራችሁት ተመሳሳይ ሥራ ከተገመተው በስንት ተለየ?» ብለው ይጠይቁ። ሦስተኛው ጥያቄ አዳራሹን ዝም ሲያሰኝ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ መልሱ ግን በኦዲት ሪፖርት ውስጥ አለ።

ዕዳንም አይዝለሉት። ከመደበኛ ገቢው ስንት በመቶው ለብድር ክፍያ እንደሚውል፣ ከዕዳ መዝገብ ውጭ የተገባ ግዴታ መኖሩን ይመልከቱ። ዲትሮይት እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ዕዳ ይዛ የኪሳራ ጥበቃ ስትጠይቅ፣ ከሸክሙ ትልቁን ድርሻ የያዘው ለጡረተኞች የተገባው የጡረታና የሕክምና ግዴታ ነበር። በ2023 የእንግሊዟ በርሚንግሃም ምክር ቤት ከአስፈላጊ አገልግሎት ውጭ አዲስ ወጪ ማቆሙን ሲያስታውቅ፣ አንዱ ዋና ምክንያት ከወንዶች ያነሰ የተከፈላቸው ሴት ሠራተኞች ያቀረቡት የእኩል ክፍያ ጥያቄ ለዓመታት ሲከማች መቆየቱ ነበር። ሁለቱም ሸክሞች በአንድ ቀን የተፈጠሩ አልነበሩም።

4. የመሬቱን ካርታ ከነሰንጠረዡ ያንብቡ

በመሬት ጉዳይ ሦስት እርከን አለ። ከላይ ለአሥር፣ ለሃያ ዓመት የሚያገለግለው ፕላን አለ፤ ከተማዋ ወዴት እንደምታድግ ይናገራል። ከሥሩ የዞን ደንቡ አለ፤ በየቦታው ምን፣ ምን ያህል፣ በምን ያህል ከፍታ እንደሚሠራ ይወስናል። ከሁሉ በታች የአንድ ቦታ ፈቃድ ነው። ሰው ጩኸቱን የሚያሰማው በሦስተኛው ላይ ነው፤ ውሳኔው ግን በአብዛኛው ያለቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። እኛ በዚያ ምሽት የሆነብን ይኸው ነበር።

ደንቡ ለምን እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1915 የተጠናቀቀው ኢኩቴብል ሕንፃ ከመንገዱ ጠርዝ ሳያፈገፍግ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ የጎረቤቶቹን ፀሐይ ከለከለ። በሚቀጥለው ዓመት ከተማዋ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የዞን ደንቧን አወጣች፤ ሕንፃ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ውስጥ እንዲያፈገፍግ አዘዘች። በ1926 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦሃዮ ባለችው ዩክሊድ መንደር ጉዳይ ላይ አንድ አስተዳደር መሬትን በአገልግሎት ከፋፍሎ የመገደብ ሥልጣን እንዳለው አጸና። ሂዩስተን ግን እስከ ዛሬ የተለመደ የዞን ደንብ የላትም፤ ነዋሪዎቿ በ1948፣ በ1962 እና በ1993 በድምፅ ውድቅ አድርገውታል። ይህ ማለት ገደብ የለም ማለት አይደለም፤ በርካታ ሰፈሮች በይዞታ ሰነዱ ላይ በሰፈረ የግል ውል ይገዛሉ፣ የቦታ ስፋትንም ከተማዋ ትወስናለች።

አሁን ወደ ቢሮው ይሂዱና የሰፈርዎን ካርታ ያስወጡ። ቀለሙን ብቻ አይተው አይመለሱ፤ «መኖሪያ» የሚለው ቀለም ሁለት ፎቅም አሥር ፎቅም ሊሸከም ይችላል። ከካርታው ጋር የተያያዘውን ሰንጠረዥ ይጠይቁ። ከዚያ ይህን ስሌት በወረቀት ይሥሩ። ቦታው 500 ካሬ ሜትር ነው እንበል። የወለል ስፋት ጥምርታው (የፎቆቹ ስፋት ድምር ከቦታው ስፋት ስንት እጥፍ መሆን እንደሚችል የሚወስነው ቁጥር) 2 ከሆነ ፎቆቹ ሁሉ ተደምረው 1,000 ካሬ ሜትር ሊሆኑ ይችላሉ። ሕንፃው ከቦታው ግማሹን ብቻ እንዲሸፍን ከተፈቀደ እያንዳንዱ ፎቅ 250 ካሬ ሜትር ነው፤ 1,000 ለመሙላት አራት ፎቅ ይሠራል። አሁን ነዋሪው «ከሦስት ፎቅ አይበልጥ» አሰኝቶ ሽፋኑ ግን እንዲለቀቅ ቢደረግ፣ አልሚው ያንኑ 1,000 ለማግኘት እያንዳንዱን ፎቅ ወደ 333 ካሬ ሜትር ያሰፋዋል፤ የጠፋው ግቢውና ዛፉ ይሆናል። ከፍታን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው የማይፈልገውን የሚያገኘው እንዲህ ነው።

በዚሁ ቦታ ላይ ፓርኪንግ እንጨምር። አንድ መኪና ከነመዞሪያው 25 ካሬ ሜትር ያህል ይወስዳል። አሥር ቤት ላለው ሕንፃ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ፓርኪንግ ግዴታ ከሆነ 250 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ሕንፃው ያልሸፈነው ቦታ በሙሉ ለመኪና ይሄዳል፤ ካልሆነ ውድ ምድር ቤት ይቆፈራል፤ ወጪውም በቤቱ ዋጋ ላይ ያርፋል። ቡፋሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 ዝቅተኛውን የፓርኪንግ ግዴታ በመላ ከተማዋ ማንሳቷ ከዚህ ስሌት ጋር ይያያዛል። ደንቡ እንዲነሳም እንዲቆይም መከራከር ይቻላል፤ ግን ካሬ ሜትሩን ቆጥሮ ነው።

የዞን ለውጥ ሲቀርብ አንድ ነገር በጥንቃቄ ይዩ፦ ለውጡ ለአካባቢው በሙሉ ነው ወይስ ለአንድ ቦታ? የኒውዚላንዷ ኦክላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ባጸደቀችው ፕላን ከመኖሪያ መሬቷ ሦስት አራተኛ ገደማ ላይ ጠጋ ጠጋ ያለ ግንባታ ፈቅዳለች፤ የግንባታ ፈቃዶች ቁጥርም ከዚያ ወዲህ በጉልህ ጨምሯል። በአሜሪካ የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ 12 ለ1 በሆነ ድምፅ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚለውን ገደብ የሚያስቀር ፕላን አጸደቀ። እነዚህ ለሁሉም እኩል የሚሠሩ ለውጦች ናቸው። በተመሳሳይ ቀለም መካከል ያለ አንድ ብቸኛ ቦታ ቀለሙ ሲቀየር ግን የመሬቱ ዋጋ በአንድ ፊርማ ይዘላልና፣ ምክንያቱ በፕላኑ የትኛው አንቀጽ እንደተደገፈ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከደንቡ የተለየ ፈቃድ ሲጠየቅም መሠረቱ የቦታው ችግር መሆን አለበት፦ ተዳፋትነቱ፣ ቅርጹ፣ በውስጡ የሚያልፈው ወንዝ። «ካልፈቀዳችሁልኝ አያተርፈኝም» የሚለው በብዙ ቦታ በቂ ምክንያት አይደለም።

5. የልማት ማመልከቻውን ፋይል ከመጨረሻው ይጀምሩ

ፋይሉ ሲሰጥዎ ፊት ለፊት የሚያምር ሥዕል ያገኛሉ፤ ዛፍ፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የሚስቁ ሰዎች። ሥዕል አያስገድድም። የሚያስገድደው በባለሙያው ሪፖርት መጨረሻ ላይ «የፈቃድ ቅድመ ሁኔታዎች» ተብሎ የተዘረዘረው ነው። ከዚያ ይጀምሩ። በሥዕሉ ላይ ያዩት ዛፍ በቅድመ ሁኔታው ውስጥ በቁጥር ከሌለ እንደሌለ ይቁጠሩት። «አልሚው አረንጓዴ ቦታ ለማዘጋጀት ጥረት ያደርጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኙ፣ ስንት ካሬ ሜትር፣ እስከ መቼ፣ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ነው ወይስ ተከልሎ የሚሉት እንዲጨመሩ ይጠይቁ። የዘወትር ልምዴ ይኸው ነው፦ ተቃውሞ ይዤ ከሄድኩባቸው ይልቅ የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ይዤ የሄድኩባቸው ጉዳዮች ውጤት አምጥተዋል።

የትራፊክ ጥናት ካለ ቆጠራው የተካሄደበትን ቀንና ሰዓት ይዩ፤ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት የተቆጠረ መንገድ ባዶ ይሆናል። የፍሳሽና የውኃ መስመሩ አዲሱን ጭነት እንደሚችል የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማረጋገጡን ይፈልጉ።

ከተማዋ ከአልሚው ጋር ስምምነት ስትፈራረም ደግሞ ወረቀትዎን በሁለት ዓምድ ይክፈሉ። በአንዱ ከተማዋ የምትሰጠውን ይጻፉ፦ መሬት፣ የግብር እፎይታ፣ መንገድ፣ የተጨመረ ፎቅ። በሌላው የምታገኘውን፦ ቤቶች፣ ሥራ፣ መናፈሻ፣ ክፍያ። ለእያንዳንዱ መስመር ቀን አለው? ካልተፈጸመ ምን ይሆናል? መሬቱ ይመለሳል? እፎይታው ይሰረዛል? ሁለተኛው ዓምድ «ይጠበቃል» በሚል ቃል ከተሞላ፣ ስምምነቱ ለድምፅ አልደረሰም ብለው ለመከራከር በቂ መነሻ አለዎት። በቦታው ላይ ዛሬ የሚኖሩ ሰዎች ካሉ የት እንደሚዛወሩና ካሳው መቼ እንደሚከፈል በዚያው ሰነድ ውስጥ መኖር አለበት። በኋላ ይታያል የተባለ ካሳ ላይ ቤተሰብ ያለ ጣሪያ ይቆያል።

የጥቅም ግጭት ያለበት አባል ማሳወቅና ከድምፅ መውጣት እንዳለበትም ያስታውሱ። ማስረጃ ካለዎት ከስብሰባው በፊት ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያስገቡ፤ ማስረጃ ከሌለዎት የሰውን ስም አያንሱ።

6. ሦስት ደቂቃዎን ያዘጋጁ

በብዙ ምክር ቤቶች አንድ ነዋሪ የሚናገረው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ጽፈው ይምጡ፣ ቤትዎ ሆነው ሰዓት ይዘው ጮክ ብለው ያንብቡት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚፈልጉትን ይናገር፦ «በአጀንዳ ቁጥር ስድስት ላይ፣ በቅድመ ሁኔታ አራት ውስጥ የመግቢያው በር ከትምህርት ቤቱ አጥር ቢያንስ 50 ሜትር እንዲርቅ የሚል እንዲጨመር እጠይቃለሁ።» ቀጥሎ አንድ ማስረጃ፣ ቀጥሎ ከራስዎ ኑሮ ያዩት አንድ ነገር። ከዚያ ይቀመጡ። አባላቱ በዚያ ምሽት ሃያ ሰው ይሰማሉ፤ በማስታወሻቸው ላይ የሚቀረው ሊጽፉት የሚችሉት ዓረፍተ ነገር ነው። ጎረቤቶችዎ አብረው ከመጡ አንድ ንግግር አሥር ጊዜ አትድገሙ፤ አንዱ ስለ ጎርፉ፣ ሌላዋ ስለ ልጆቹ መንገድ ይናገሩ፤ የቀሩት ተነሥተው ድጋፋቸውን ያሳዩ። ዋናውን ማስረጃ በጽሑፍ ከነቀኑ አስገብተው በቅጂው ላይ ማኅተም ይቀበሉ፤ ይግባኝ ቢመጣ የሚቆጠረው በመዝገቡ ውስጥ ያለው ነው።

በአዳራሹ ውስጥ ዙሪያዎን ሲመለከቱ ማን እንደሌለ ይጠይቁ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማሳቹሴትስ የ97 ከተሞችን ቃለ ጉባኤ መርምረው፣ በቤት ግንባታ ስብሰባዎች ላይ የሚናገሩት ከሌላው ነዋሪ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ ለረጅም ጊዜ የኖሩና የቤት ባለቤት የሆኑ፣ አብዛኞቹም አዲስ ቤት እንዲሠራ የማይፈልጉ መሆናቸውን አግኝተዋል። ተከራዩ ማታ ሥራ ላይ ነው። ልጅ የያዘች እናት አትመጣም። ቤቱ ሲሠራ የሚገባበት ሰው ደግሞ ገና ከተማው ውስጥ ላይኖር ይችላል። ቤት ያለኝ ሰው ነኝና ይህን የምጽፈው ለራሴም ጭምር ነው፦ ስለ ሰፈሬ ስናገር የተከራይ ጎረቤቴን ሐሳብ ጠይቄ፣ ከፈቀደ ደብዳቤውን ይዤለት መሄድ አለብኝ።

7. ድምፅ ከተሰጠ በኋላ

በማግሥቱ የውሳኔውን ሙሉ ቃል ይጠይቁ፤ በአዳራሹ የሰሙት ማሻሻያ በጽሑፉ ውስጥ መግባቱን በዓይንዎ ይዩ። ቃለ ጉባኤው ስህተት ካለበት ከመጽደቁ በፊት ይጠቁሙ። የይግባኝ ጊዜ አጭር ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ብቻ ስለሆነ የሕግ ምክር ከፈለጉ በዚያው ሳምንት ይጀምሩ።

የጸደቀ በጀት ደግሞ ገና ሥራ አይደለም። ጨረታው መቼ ወጣ? ስንት ተጫራች ቀረበ? ውሉ ከተፈረመ በኋላ በ«ተጨማሪ ሥራ» ስም ስንት ጨመረ? የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ያን መርጠው የያዙትን አንድ የበጀት መስመር እየፈለጉ ያንብቡ። የኦዲት ሪፖርት ሲወጣ ያለፈው ዓመት ግኝቶች ታርመዋል ወይ የሚለውን ክፍል መጀመሪያ ይክፈቱ።

ግንባታው ሲጀመር የቅድመ ሁኔታዎቹን ዝርዝር አትመው ይያዙ። በሰፈራችን ሕንፃ ላይ በመጨረሻ ያስገባናቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ የመኪናው መግቢያ ወደ ኋለኛው መንገድ እንዲዞርና በአጥሩ ዳር 14 ዛፎች እንዲተከሉ። የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት አንዲት ጎረቤቴ ዝርዝሩን ይዛ ሄደች፤ ዛፎቹ ዘጠኝ ነበሩ። ተቆጣጣሪውን ጠርታ በቅድመ ሁኔታው ላይ ያለውን ቁጥር አሳየችው። አምስቱ ችግኞች በሁለተኛው ሳምንት ተተከሉ። የዚያ ዓመት የፕላን ክለሳ ማስታወቂያ በቢሮው ኮሪደር ሲሰቀልም፣ በአስተያየት መዝገቡ ላይ ከሰፈራችን አሥራ ሰባት ሰዎች ፈርመናል።